የሚናገር ይጠብቃል

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ዛሬ ለሁሉም ነግሬ ጨረስኩ። እዚህ አሽኬሎን፣ ሚግዳል ገበያ ለቅመም ሻጩ ነገርኩት። ለአውቶቡሱ ሾፌር ነገርኩት፤ ሾፌሩ ጆሮው ስለማይሰማ ጮክ ብዬ ነበርና ለተሳፋሪውም አብሮ ደረሰው። በመጨረሻ አንዲት ሩሲያዊት ይዤ ልነግራት ስጀምር "ጠዋት ነግረሽኛል" አለችኝ። ልጄ ዓዲ "ኢማ፣ ከእንግዲህ ለዚህ ንገሪው" ብላ ይህን ደብተር ሰጠችኝ። እነሆ፣ እነግረዋለሁ።

ወንድሜ ሰማኝ ሊሸለም ነው። የሆስፒታል ሐኪም ነው፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራ፤ ጦርነት ሲመጣ ሠራዊቱ ይጠራዋል፣ በማዕረግ ሻለቃ። ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ክረምቱ በጥር ነው፣ ጦርነቱ ውስጥ ቤት ተመትቶ ሲፈርስ፣ እየተተኮሰ ገብቶ ወታደሮቹን ወለል ላይ አክሞ ሦስቱን በሕይወት አወጣ። ሠራዊቱ ይህን ሁሉ ጊዜ አስቦበት አሁን "ጀግና ነው" አለ። እኔ ግን ካወቅሁት ቆይቻለሁ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲያመጡን ስድስት ዓመቱ ነበር። እናታችን ተራ ስንጠብቅ እዚያው ስላረፈች እኔ ነኝ አዝዬው የገባሁት። ስንወርድ አንዷ ወታደር "ልጅሽ ነው?" አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንዳይለያዩን ብዬ "አዎ" አልኳት። እስከ ዛሬ አላረምኩትም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ሰማኝ ደወለ። ድግስ የሚባል ነገር አልፈልግም አለ። ትሑት ነው።

አዳራሹን ያዝኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

በጥድፊያ ነው፣ የሰንበት ሻማ ሊበራ ነው። ዓርብ ዓርብ ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት የሚያወጣልኝ ሰማኝ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ። መገጣጠሚያ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየው በእኔ ዶሮ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ትንሽ ጨመረበት እንጂ። "ወንድ ልጅ ዶሮ ሲበልት!" ብለው የሳቁበት ሴቶች በኋላ ተራ ይዘው ሐሞታቸውን በእሱ እጅ አስወጡ።

ከጦርነቱ ወዲህ ዓርብ ሲመጣ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ቢላውን አነሣ። አየው። መልሶ አስቀመጠው። "ዓዲ ትሥራው" ብሎ በረንዳ ወጣ። ዓዲ ስምንት ላይ አበቃላት፤ አንዱ ክንፍ የት እንደገባ አይታወቅም። ሻይ ስሰጠው ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ተንቀጫቀጨ። ብርጭቆዎቼ ቀላል ናቸው።

ቢላው ዶልዱሞ ይሆናል። እሑድ አስስለዋለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

አስሳልኩት። ቢላ የሚስለው ሰውዬ "ይህ እኮ ደኅና ይቆርጣል" አለኝ።

የምንከባከባት አሮጊት ወይዘሮ ኢሪት ስለ ሰማኝ ሁሉንም አድምጣኝ ስታበቃ "ይተኛል?" አለችኝ።

"ይተኛል ወይ ምን ማለት ነው? ሻለቃ እኮ ነው።"

"ባሌም ሻለቃ ነበር" አለችና ቴሌቪዥኗን ከፈተች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሁሉን እጽፋለሁ ካልኩ ስለ ደጅይጥኑም ልጻፍ።

እዚህ ሰፈራችን ግቫት ጺዮን፣ በእኛው ሕንፃ ምድር ቤት ትኖራለች። አንድ ልጅ ነበራት፣ ዶር። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ የሚወጣ ልጅ። በዚያው ክረምት፣ በዚያው ጦርነት ሞተ። ከሰማኝ ጋር በአንድ ግንባር ነበሩ ይባላል፤ ግንባር ሰፊ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ደረሰ። ሰማኝ ብቻ ቀረ። "ገና ከጦር አልተለቀቀም" አልኳት። ተለቀቀ። "ሆስፒታሉ ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳት። በኋላ ደግሞ ጉንፋን አልኳት፤ በዚህ አገር የሐምሌ ሐሩር። ድግስ የመጣን ሰው ማንም አያስታውስም፤ ለቅሶ የቀረ ግን አይረሳም።

ባገኘችኝ ቁጥር "ሐኪሙ ደኅና ነው?" ትለኛለች።

"ደኅና ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" ትልና ቆማ ትቀራለች፣ አንድ ነገር የምጨምርላት ይመስል። እኔ ወሬ አልቆብኝ የማላውቀው ሴትዮ እሷ ፊት ያልቅብኛል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

የሰማኝ ሚስት ኢንባር ከቤታቸው፣ ከአጋሚም ሰፈር ደወለች። ወላጆቿ የጎንደር ናቸው፣ እሷ እዚህ ተወልዳ ነው አማርኛዋ እየሮጠ በዕብራይስጥ የሚሰናከለው። "ባይነሽ፣ ሦስት ናቸው እያልሽ አታውሪ። አራት ነበሩ" አለችኝ።

"ሠራዊቱ ሦስት ነው ያለው።"

"አራት ነበሩ" አለች እንደገና።

ኢንባር የሒሳብ አስተማሪ ናት። ግን ሰው ሲደክመው ይሳሳታል።

ሰማኝ ማታ ማታ ማማድ ውስጥ፣ ያ ከሮኬት የሚያስጠልለው ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው አለች። አዛካ፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ባይጮህም። ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ከኢሪት ወጥቼ በባሕሩ በኩል ስመለስ የሰማኝን መኪና አየሁ። ረፋድ ነው፣ በሥራ ቀን። እሱ ውስጥ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። እጄን አወዛወዝኩለት፣ አላየኝም። ሐኪሞች በሁለት ቀዶ ጥገና መሃል ማረፍ አለባቸው፤ ሕግ ሳይሆን አይቀርም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ ዛሬ ጨረስኩት።

በእኛ ሐዘንተኛ ጎረቤት እያለ ዝም ብሎ እልል አይባልም። ሽማግሌ ይዘህ ትሄዳለህ፣ አዲስ ልብስ ትወስዳለህ፣ ጥቁሩን ታስወልቃለህ፣ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ከዚያ ትደግሳለህ። ደጅይጥኑ ደግሞ ይኸው እስካሁን ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ናት። ስለዚህ አባባ ፈረደን አነጋገርኩ። የግቫት ጺዮን ጠብ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልቀው። "ጥሩ አሰብሽ" አሉኝ።

ቀሚሱንም ገዛሁ። ነጭ፣ ጥልፉ ወርቃማ። የደጅይጥኑን ልክ ስለማላውቅ እኔው ለብሼ ለካሁት። በጣም ነው ያማረብኝ። ደጅይጥኑ ትከሻዬ ድረስ ብትደርስ ነው፣ ግን ሐዘን ያሳንሳል እንጂ መሠረቷ ትልቅ ሴት ናት።

ለሰማኝ አልነገርኩትም። ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

የሰግድ በዓል፣ የእኛ የቤተ እስራኤሎች የጾምና የጸሎት ቀን። ኢየሩሳሌም ወጣን። ሰማኝ አልመጣም፤ ተራራው ላይ ለቆሙት ሁሉ በእሱ ፈንታ ነገርኳቸው። እግሬ አብጧል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ጠዋት ሄድን፣ ሽምግልና በጠዋት ነው። አባባ ፈረደና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ቀሚሱን ታቅፌ ከኋላ። ደጅይጥኑ በሩን ከፍታ ነጫጭ ጋቢዎቹን ስታይ ግድግዳውን ያዘች። ዶር ሲሞት ወታደሮቹ ከነገሯት በኋላ እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው የመጡት። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ተቀመጡ። አባባ ፈረደ ጀመሩ። "ልጄ፣ ሐዘን ልክ አለው። የሄደ አይመለስም፤ ያለውን ማኖር ነው። የባይነሽ ወንድም…"

አላስጨረሰቻቸውም። "ሐኪሙ ነው የላካችሁ?"

አባባ ፈረደ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱም ዞሩ። ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ብዬ "አዎ" አልኩ።

ደጅይጥኑ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ላከ" አለች ከውስጥ። "በመጨረሻ ላከ።"

ከዚያ ነገረችን። ከዶር ጋር የነበረ አንድ ወታደር መጥቶ አጫውቷታል። ፍርስራሹ ውስጥ የወደቁት አራት ነበሩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የደረሰው ዶር ጋ ነው። አናገረው። ከዚያ አልፎት ወደ ሌላው ሄደ። ሦስቱ ዳኑ።

"መሞቱን መንግሥት ነገረኝ" አለች። "ያ ወታደርም ከሩቅ ያየውን ነገረኝ፤ ከአፉ የሰማው ሰው ግን አልነገረኝም። ልጄ መጨረሻ ያለውን ቃል ይዞ የሚዞረው ያንቺ ወንድም ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ።" ወደ ቀሚሱ በአገጯ አመለከተች። "እዚያ አስቀምጪው። ሽማግሌ የላከ ሰው ይመጣል። መጥቶ ራሱ ጥቁሬን ያስወልቀኝ። ያን ጊዜ ድግስሽን እኔ ነኝ በእልልታ የምከፍትልሽ።"

ደረጃው ላይ አባባ ፈረደ ቆሙ። "ባይነሽ። ሰማኝ ልኮናል?"

"በሐሳቡ" አልኩ።

"ሽማግሌ የሚልክ በዳይ ነው። ወንድምሽን በዳይ አደረግሽው እኮ።"

"አባባ፣ እኔ ለድግስ ፈቃድ ነው…"

"እሷ ለይቅርታ ተቀብላዋለች።" ምርኩዛቸውን አንድ ጊዜ መቱ። "አሁን ባይመጣ፣ ልጇ ሁለተኛ ጊዜ ታለፈ ማለት ነው።"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ረጅም እጽፋለሁ፤ እንቅልፍ እንደሆነ የለም።

አጋሚም ሄድኩ። ኢንባር በሩን ከፈተችልኝና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ልጆቹን ከመዋኛ ላመጣ ነው አለች። ለሰማኝ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

"በእኔ ስም ሽማግሌ ላክሽ።"

"ላክሁ።"

"ዶዳ ባይነሽ" አለኝ። ልጆቹ ናቸው እንዲያ የሚሉኝ፣ አክስቴ ማለታቸው ነው። እሱ ሲለኝ ተናዷል ማለት ነው። ውኃ ሊጠጣ ተነሣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። ብርጭቆው የእሱ ነው፣ ወፍራም።

"ሕጉ ቀላል ነው" አለ። "ብዙ ሰው ሲወድቅ የሚናገር ይጠብቃል፣ ዝም ያለ ይቀድማል። የሚናገር ሰው ትንፋሽ አለው። ዶር ይናገር ነበር።"

"እንግዲህ እኔ እዚያ ብወድቅ መጨረሻ ነበር የምታየኝ።"

ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣው። "ከሁሉም መጨረሻ" አለ። ከዚያ፣ "ተመልሼ ስመጣ ዝም ብሏል።"

ከዚያ ወዲህ ስለት አልያዘም። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረቀት ያያል፣ ተማሪ ያስተምራል፤ አንዳንድ ቀን እስከ በሩ ደርሶ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ሠራዊቱ የነፍስ ሐኪም መድቦለት አልሄደም። ሕጉን አልሳተም፣ ይህን ሁሉም ነግረውታል፤ እሱም ያውቃል። "ሕጉን ይዤ ነው ደጅይጥኑ ቤት የምገባው?" አለኝ።

"ለቅሶ ትደርሳለህ እንጂ።"

"በሯ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። አንዴማ አንቺ ከመስኮት አይተሽኝ 'ምን ትቆማለህ፣ ና ውጣ' አልሽኝ። ወጥቼ ሾርባ በላሁ።"

አስታወስኩት። ጥሩ ሾርባ ነበር። ሁለት ሳህን ነው ያበላሁት፣ ከሥር እያወራሁ።

"ትመጣለህ?" አልኩት።

"እጄን አላየሽም?"

"እጅህን ማን ጠየቀህ? አፍህን ነው የፈለገችው።"

ኢንባርና ልጆቹ ገቡ፤ ስለ መዋኛ ተወራ።

ዝም ያለ ይቀድማል ነው ሕጉ። ሰማኝ ከክረምት ጀምሮ ዝም ብሏል። እኔ ቢላ አስሳልኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ስልክ አያነሣም። ደጅይጥኑ ቀሚሱን ሶፋው ላይ ዘርግታዋለች፣ ሳልፍ በመስኮት ይታየኛል። መቼ ይመጣል አትለኝም። "ሐኪሙ ደኅና ነው?" ማለቷንም ትታለች። ያ ይብሳል።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ከሰሞኑ የምወጣው በጓሮ በር ነው። ወደ አውቶቡሱ ይቀርባል። አይቀርብም።

የአዳራሹ ሰውዬ ስንት ሰው ነው ብሎ ደወለ። አላውቅም አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ ዓዲ ትኩሳት አለሽ ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ሽልማቱ ተሰጠ። ሁላችንም ሄድን። ሰማኝን ሲጠሩት አንድ ዓይነት ደስታ ያዘኝና ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እልል አልኩ። አንድ ጄኔራል ዞሮ አየኝ። ደግሜ አልኩ።

ያደረገውን በድምፅ ማጉያ አነበቡት። በሁለት ዓረፍተ ነገር ሦስት ሰው ዳነ፤ ጥሩ አንባቢ ነበር። ሰማኝ ግራ እጁን ከጀርባው ይዞ በቀኙ ጨበጠ፤ የጄኔራሉም እጅ አብሮ ተንቀጠቀጠ። ፎቶ ላይ አይታይም።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት ወታደር መጥቶ አቀፈው፣ ከሦስቱ አንዱ። እናቱ የሰማኝን ሁለቱንም እጆች ሳመች። ሰማኝ ልጇን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። እኔም።

አሽኬሎን ስንገባ "አባባ ፈረደ ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሣሉ?" አለኝ።

"ጨርሶ ይተኛሉ እንዴ" አልኩት።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

ጠዋት በሬን አንኳኳ። ተራ ሸሚዝ ለብሷል። አባባ ፈረደ ከኋላው ቆመዋል። "አንቺም ነይ። ግን አትናገሪ" አለኝ።

"እሺ" አልኩ። በዕድሜዬ ከገባሁት ቃል ሁሉ ከባዱ ነው።

ደጅይጥኑ ስትከፍት እግሯ ላይ ወደቀ። በእኛ ይቅርታ እንዲህ ነው፤ ይወደቃል፣ የተበደለው "ተነሥ" ይላል። ካላለ አይነሣም። ደጅይጥኑ ተነሥ አላለችም።

"ንገረኝ" አለች።

ለወለሉ ነገረው። "እትዬ ደጅይጥኑ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ደረስኩ። ሆዱን ተመትቶ ነበር። አወቀኝ። 'ጋሼ ሰማኝ፣ እኔን ተወኝ። ከጎኔ ያለው ልጅ ትንፋሽ አጥሮታል፤ እሱን አስቀድም' አለኝ። አመንኩት። እየተናገረ ስለነበር አመንኩት።"

"ሌላስ?"

"'እማዬ እንዳትሰማ' አለኝ። መመታቱን ማለቱ ነው። የሚድን መስሎት።"

ደጅይጥኑ "በምን ቋንቋ ነው?" አለች።

"በአማርኛ።"

"ዶር?"

"ጎኑ ያለው ልጅ ሰምቶ እንዳይፈራ።"

"ዶር በአማርኛ?" ወደ አባባ ፈረደ ዞረች፣ ምስክር እንደምትፈልግ። "ከተወለደ ጀምሮ በአማርኛ ሳናግረው በዕብራይስጥ ሲመልስልኝ የኖረ ልጅ! እኔኮ አያውቅም ብዬ ነበር።" ወደ ሰማኝ ተመልሳ፣ "ጥሩ አማርኛ ነበር?"

"የጎንደር ነው" አለ ሰማኝ። "የአንቱን ይመስላል።"

አቀርቅራ ራሷን ዝቅ አደረገችለት። ሰማኝ ጥቁር ሻሿን እዚያው በጉልበቱ እንዳለ ከራሷ ላይ አነሣው። ቋጠሮው ላይ እጁ ተቸገረ፤ ጠበቀችው። ከዚያ ቀሚሱን ይዛ ጓዳ ገባች። ሰማኝ አልተነሣም። አባባ ፈረደ ጣራውን አዩ። እኔ ምላሴን ነከስኩ።

ወጣች። ቀሚሱ ውጧታል። እጆቿ እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል፣ ዘርፉ ከኋላዋ ወለሉን ይጠርጋል።

"ያምራል" አሉ አባባ ፈረደ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያስታርቅ ይዋሻል።

"ባይነሽ" አለች ደጅይጥኑ፣ "ይህ በማን ልክ ነው የተገዛው?"

ቃል ገብቻለሁና ዝም አልኩ።

ቁልቁል ወደ ሰማኝ አየች። "አንተ እዚያው ነህ? እንግዲህ ከወረድክ አይቀር ዘርፉን ስፋልኝ።"

"እትዬ፣ እጄ…"

"አየዋለሁ። ቀስ በል። የሚያጣድፍህ የለም።"

መርፌና ነጭ ክር አመጣች። ክሩ ቀዳዳውን ሳተ፤ ደጋግሞ ሳተ። ላስገባለት ስነሣ ደጅይጥኑ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ገባለት። ዘርፉን አጥፎ ጀመረ። እሱ በጉልበቱ እየዞረ፣ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ። አንዴ መርፌው ቁርጭምጭሚቷን ወጋት። "ዶርም ሕፃን ሆኖ እንዲህ ይቧጭረኝ ነበር" አለች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ስለ ዶር አወራችለት፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጫማው ቁጥር። እሱ ይሰፋል። ውጭ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሄደ።

ዙሪያውን ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

"ተነሥ" አለችው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

የመጀመሪያው የሐኑካ ሻማ፣ ድግሱም ዛሬ ሆነ። ደጅይጥኑ በእልልታ ከፈተችው። ከእኔ ይረዝማል እልልታዋ፤ ይህን አልጠበቅሁም። ሰማኝ መጣ። ዳር ተቀመጠ፣ ትንሽ በላ፣ ንግግር አድርግ ሲሉት ወደ እኔ አመለከተ፤ እኔም አደረግሁ። ኢንባር እንደነገረችኝ ማክሰኞ የነፍስ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ይዟል። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም። ረቡዕ ልጠይቅ እችላለሁ።

ዓርብ ዕለት ዶሮውን ይዞ ነበር። አምስት ብልት አወጣ፣ ከዚያ "ዓዲ፣ የቀረው ያንቺ" አለ። ሁለቱም ክንፎች አሉ።

ለሰው ስናገር አሁን አራት ነበሩ እላለሁ። አራተኛውን በስሙ እጠራዋለሁ።

ድግሱ ሲበተን ደጅይጥኑን ወደ ጥግ ወሰድኳትና "ነገ ቀሚሱን አምጪው፣ ዘርፉን በስፌት መኪና ላስተካክለው" አልኳት።

"እንዳትነኪው" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ዙሪያውን አየሁት። አጀማመሩ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። እየቆየ ይቀናል። የት ላይ መቅናት እንደጀመረ ሁለቴ ዞሬ ፈለግሁት፣ አጣሁት።